እንቁጣጣሽ ላይ የቆመው ኮምፒውተር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ፈቃዱ ኮምፒውተር አላስነኩኝም። በወተት ዱቄት ጣሳ የተሞሉ፣ ሳንቲም የሚያካክሉ ባትሪዎችና አንድ ቮልት መለኪያ ቴስተር ሰጥተው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። «አንድ በአንድ ለኪ። ሦስት ቮልት የሚሰጠውን እዚህ፣ ከሁለት ነጥብ ስምንት በታች የሆነውን ወደ ቆሻሻ» አሉኝና ፊታቸውን አዙረው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እኔ በኮምፒውተር ጥገና በዲፕሎማ የተመረቅኩ ሰው ነኝ። ማዘርቦርድ ልጠግን መጥቼ ባትሪ ለቀማ ላይ ተመደብኩ ብዬ ደሜ ፈላ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አኩርፌ ለካሁ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ወላጆቼ ተመኝተው እንጂ አይተው ያወጡት ስም አይደለም።

ሱቁ ጎፋ ነበር። ታፔላው «የጽሕፈት መኪናና የኮምፒውተር ጥገና» ይላል። ጋሽ ፈቃዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጽሕፈት መኪና ሲጠግኑ ኖረው፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ከዚያው ወንበር ሳይነሱ ኮምፒውተር መጠገን የጀመሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ቤት ማዕረግ ሦስት ነው። ተለማማጅ ይለካል፣ አቧራ ያራግፋል። ረዳት ካቻቢቴ ይይዛል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል። ለደንበኛ «ችግሩ ይሄ ነው» ብሎ መናገር የሚችለው ግን ቴክኒሻን ብቻ ነው። ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር እስኪፈቀድልኝ አራት ዓመት ፈጀብኝ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የለየኋቸውን ባትሪዎች አገላብጠው አዩና ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ብልሽት ስትፈልጊ መጀመሪያ መብራቱን እዪ፣ ቀጥሎ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ ቀጥሎ ሴትአፑን፣ ማለት የማሽኑን የውስጥ ማስተካከያ፣ አሉኝ። ከዚያም «ሰው መጨረሻ ነው» አሉ።

ሁለተኛው ምልክት ነው። የገጠምሽው ዕቃ ላይ ሁሉ ምልክትሽን አድርጊበት፤ ነገ ክርክር ቢነሳ የኔ አይደለም እንዳትዪ አሉኝ። እሳቸው በሹል ብረት ጫር ያደርጉ ነበር። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ ኩቴክስ ነበረኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጥፍር ቀለሙ አንዲት ነጥብ ጣል አደርጋለሁ። ጋሽ ፈቃዱ ሲያዩ ሳቁ፤ ቢሆንም አልከለከሉኝም።

ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ። ጋሽ ፈቃዱ ደከማቸውና ሱቁን ለኔ ለቀቁልኝ። ጣሳውም ቴስተሩም አብረው ቀሩ። መለካቱን ግን ቀስ በቀስ ተውኩት። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲያስቸኩለኝ ከጣሳው አንዱን አነሳና ጠርገት አድርጌ እገጥመዋለሁ። ባትሪ በእጄ ስይዘው ብቻ የምለየው ይመስለኝ ነበር። ማንም አልተቆጣኝም፤ ቤቱ ውስጥ ተቆጪዋ እኔ ሆኜ ማን ይቆጣኛል?

አሁን የምነግራችሁ ነገር የደረሰው አምና፣ በ2017 ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ስትሰሙት ትስቁ ይሆናል። እኔ እስከ ዛሬ ሳስበው ክው እላለሁ።

ነጻነት የምትባል ደንበኛ አለችኝ። ሀና ማርያም ነው ቤቷ። ቤቷ ተቀምጣ፣ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ሐኪሞች በድምፅ የቀዱትን ወደ ጽሑፍ ትገለብጣለች። ነገሩ የበሽተኛ ምስጢር ስለሆነ ድርጅቱ ቤትሽ ውስጥ ፋየርዎል ካልተተከለ አናሠራሽም አላት። ፋየርዎል ማለት የኢንተርኔት ዘበኛ ነው፤ በር ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ይፈትሻል። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ቢሮ ሲያገለግል ከኖረ ትንሽ ኮምፒውተር ሠርቼ፣ ከላዩ አሮጌ ስክሪን አስቀምጬ፣ ኮሪደሯ ላይ ተከልኩላት።

መብራት ሲሄድ ለሃያ ደቂቃ ያህል የሚያቆይ ዩፒኤስም ጨመርኩበት። ዩፒኤሱ የድሮ ስለሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው በሴሪያል ፖርት ብቻ ነው፤ ከጀርባ ባለችው ባለ ዘጠኝ እግር መሰኪያ። መብራት ሄዶ ሲቆይ «እያለቅኩ ነው፣ ራስህን በወጉ ዝጋ» ብሎ የሚነግረው በእሷ ነው። የዚያ ማዘርቦርድ ሴሪያል ፖርት ከፋብሪካ የሚመጣው ዝግ ሆኖ ነው። ሴትአፕ ገብቼ በገዛ እጄ ከፈትኩት። ይህቺን ልብ በሉልኝ። ዝግ ሆኖ እንደሚመጣ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ከሁለት ዓመት በላይ ያለ እንከን ሠራ። አምና መጋቢት ላይ ነጻነት ደወለች። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፋየርዎሉ ተበላሽቶ አልነሳ ብሎ፣ ግማሽ ቀን ሥራ አጥታለች። ሄጄ ከፈትኩት። ማሽኑ ዩፒኤስ የሚባል ነገር አላውቅም ይላል። የፖርቶቹን ዝርዝር ሳወጣ ሴሪያል የሚባል የለም፤ ባዶ። ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሴትአፕ ገባሁ፤ ፖርቱ ተዘግቷል። ከፈትኩት፤ ዩፒኤሱ ወዲያው ታየ። ምናልባት ያን ጊዜ ስተክል በደንብ ሳላስቀምጠው ቀርቼ ይሆናል ብዬ ወጣሁ።

ሚያዝያ ላይ ያው ስልክ፣ ያው ነገር። ፖርቱ እንደገና ተዘግቷል። አሁን ግራ ገባኝ። ከግድግዳው ነቅዬ፣ እንደገና ሰክቼ፣ ሲነሳ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ ቆምኩ። ጽሑፉ እየተንከባለለ አለፈ። መጀመሪያ ላይ ቀን ይጽፋል፤ 2017 የሚለውን አየሁት፤ ልክ ነው ብዬ አለፍኩት። ፖርቱን ከፈትኩ፣ ሴትአፑን አስቀመጥኩ፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ወጣሁ።

ግንቦት ሲገባ ለሦስተኛ ጊዜ ተዘጋ። በዚህ ጊዜ ዲስኩም ተጎድቶ ሁሉንም ከመጠባበቂያው እንደ አዲስ ጫንኩ። ነጻነት የድርጅቱን ደብዳቤ አሳየችኝ። ዘበኛው ሦስት ጊዜ ለምን ወደቀ፣ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ አብራሪ ይላል። ሥራዬ ሊሄድብኝ ነው አለችኝ። እኔም ተናድጃለሁ፤ በሥራዬ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። «ነጻነት፣ ሴትአፕ በራሱ አይለወጥም። ይሄ የሰው እጅ ነው» አልኳት።

የማን እጅ? አለችኝ። ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው ብዬ ጠየቅኳት። እሷ ክፍሏ ውስጥ ዘግታ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ነው የምትውለው። ኮሪደሩ ላይ የምትመላለሰው ዘይነባ ብቻ ናት።

ዘይነባ የቤቱ ሠራተኛ ናት። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከስልጤ ነው የመጣችው። ዝምተኛ ናት። በሄድኩ ቁጥር በሩን ትከፍትልኛለች፣ ውኃ ታመጣልኛለች፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ የምሠራውን ታያለች። ነጻነት ያን ቀን አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ዘይነባ ከሥራ በኋላ ሠፈሩ ውስጥ ያለ ማሠልጠኛ ገብታ መሠረታዊ ኮምፒውተር ትማራለች።

«ኮምፒውተር ትማራለች?» አልኩ።

ያልኩት ይሄንን ብቻ ነው። አንዲት ጥያቄ። ግን እንዴት አድርጌ እንዳልኳት እኔ አውቃለሁ። ነጻነትም የሰማችው ጥያቄውን ሳይሆን አባባሌን ነው። የቴክኒሻን ቃል ነዋ። አራት ዓመት የለፋሁበት «ችግሩ ይሄ ነው» የሚባለው ቃል፣ ያን ቀን ሰው ላይ አረፈ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነጻነት ደወለችና ነይ አለችኝ። ዘይነባን ስጠይቃት እንድትሰሚ ነው የምፈልገው፤ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፣ ልትሸውደኝ ትችላለች አለች። ሄድኩ። በረንዳው ላይ የዘይነባ ሻንጣ ወጥቶ ተቀምጧል። ደነገጥኩ። እኔ እኮ ትጠየቅ አልኩ እንጂ ትባረር አላልኩም ብዬ በሆዴ ተከራከርኩ። ጮክ ብዬ ግን አልተናገርኩም።

ነጻነት ተያዧ ጋ ደውላለች። እንደምታውቁት ሠራተኛ ያለ ተያዥ አይቀጠርም። አንድ የታወቀ ሰው ለዚህች ልጅ እኔ አለሁላት ብሎ ይፈርማል፤ ጥፋት ከተገኘ የሚጠየቀው እሱ ነው። የዘይነባ ተያዥ ጀሞ የምትኖረው አክስቷ ናት። ነጻነት ለአክስቲቱ ልጅሽ የሥራ ማሽኔን እየነካካች የሰው ምስጢር ልታወጣ ነበር ብላታለች። ባለሙያ አረጋግጧልም ብላለች። ባለሙያው እኔ ነኝ።

ሻንጣዋ ሲፈተሽ ቆሜ አየሁ። ልብስ፣ የመስገጃ ምንጣፍ፣ የፀጉር ቅባት፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ። ከታች አንድ ደብተር ወጣ። ነጻነት ገለጥ አድርጋ ፊቷ ተለዋወጠ። ይኸው፣ ሰዓት በሰዓት ስትመዘግብ ነበር አለችና ደብተሩን ለኔ ሰጠችኝ። ዘይነባ አላለቀሰችም። መሬት መሬቱን እያየች ቆመች።

ደብተሩን አነበብኩ። ጽሑፏ የተስተካከለ ነው። «መጋቢት 12፣ መብራት አራት ሰዓት ሄደ፣ ስምንት ሰዓት መጣ። ስክሪኑ 01/01/2017።» ቀጥሎ የሚያዝያ ነው። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ፣ ስክሪኑ 01/01/2017። ቀጥሎ የግንቦት። እንደዚያው። አሥራ አንድ መስመር ቆጠርኩ፤ በአሥራ አንዱም ቀኑ አንድ ነው።

ይሄ ምንድን ነው አልኳት። የኮምፒውተር አስተማሪዋን ልትጠይቅበት የጻፈችው እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«መብራት በሄደ ቁጥር እትዬ ሁሉንም ከግድግዳ ንቀዪ ብለውኛል። ሲመጣ እኔ ነኝ የምሰካው፣ እኔ ነኝ የማስነሳው። መጀመሪያ ሲነሳ ሁልጊዜ እንቁጣጣሽ ነው የሚለው። በበልግም፣ በፋሲካም፣ መስከረም አንድ። ከደቂቃ በኋላ ይስተካከላል። ለእትዬ ነግሬያቸው ነበር፤ ሳቁብኝ።»

በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

ማሽኑ በእኛ አቆጣጠር አይቆጥርም። በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። በፈረንጅ ዓመቱ 2025 ነው። ስክሪኑ ግን ሲነሳ 2017 ይላል፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ ማዘርቦርዱ ወደ ተሠራበት ጊዜ። እኔ ደግሞ በሚያዝያው ሥራ ላይ ስክሪኑን አፍጥጬ አይቼ፣ 2017ን እንደ ዓመተ ምሕረት አንብቤ ልክ ነው ብዬ አለፍኩ። በእኛ 2017 ስለነበር ነዋ! ዘይነባም ያነበበችው በእኛው ነው፤ ግን እሷ ወሩንና ቀኑንም አነበበች። ሁልጊዜ መስከረም አንድ ሊሆን አይችልም ብላ ጻፈችው። ሃያ ምናምን ዓመት የሠራሁት ሴትዮ ወሩን አላየሁም።

ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የሚረሳ ማሽን ሴትአፑንም ይረሳል። ሴትአፑን ከረሳ ፋብሪካ እንደሠራው ይሆናል። ፋብሪካው ደግሞ ያንን ፖርት የሚዘጋው መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ ብያችኋለሁ። ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ በደቂቃ ውስጥ ሰዓቱን ስለሚያስተካክል፣ እኔ ከጎፋ ተነስቼ እስክደርስ ቀኑ ልክ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሰዓቱንና ሴትአፑን መብራት በሌለበት የሚያስታውስለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳንቲም የምታክለው ባትሪ።

ተነስቼ ወደ ኮሪደሩ ገባሁ። ማሽኑን ነቀልኩ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሳሁ። ሁለቱም ተከትለውኝ መጥተው ከኋላዬ ቆመዋል። ባትሪዋ ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። መሐሏ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

ኩቴክስ ነው። የኔ ኩቴክስ።

ከጣሳው አንስቼ፣ ሳልለካ፣ ምልክቴን ጣል አድርጌ የገጠምኳት ባትሪ ናት። አሮጌ መሆኗን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ከጣሳ የሚወጣ ሁሉ አሮጌ ነው። ቴስተሩን አስነካኋት። ሦስት ቮልት መሆን የነበረበት አንድ ነጥብ አራት አለ። በሥራዬ ብዙ ደንግጫለሁ፤ ኤሌክትሪክ ይዞኝ ያውቃል፣ ዩፒኤስ ፊቴ ላይ ፈንድቶ ያውቃል። እንደዚያች ቀይ ነጥብ ያስደነገጠኝ ግን የለም። ዘወር ብዬ ሰው ፊት ማየት አቃተኝ።

ዝም ብዬ አዲስ ባትሪ ገጥሜ፣ ተስተካክሏል ብዬ መውጣት እችል ነበር። ማንም አያውቅም፤ ነጥቡ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሐሳቡ አልመጣብኝም ብላችሁ ውሸት ይሆናል። መጣብኝ። ከዚያ ሻንጣዋ በረንዳው ላይ መሆኑ ትዝ አለኝ።

«ባትሪዋ የኔ ናት። ሳልለካ የገጠምኳት እኔ ነኝ። ፖርቱን የሚዘጋው የሞተ ባትሪ ነው፤ ማንም ሰው አልነካውም» አልኩ።

ነጻነት ጎንበስ ብላ ባትሪዋን አየቻት። ከዚያ በቀስታ «ትዕግሥትዬ፣ ምን አደረግሽኝ» አለች። ወደ ዘይነባ ዞራ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ሻንጣሽን አስገቢ፣ እባክሽ አለቻት። ልቧ ተሰብሮ ነው የለመነቻት፤ እሱን አልክድም። ዘይነባ የተበታተነ ልብሷን አንድ በአንድ እያጠፈች ወደ ሻንጣው ትመልሳለች። ሻንጣዬ እኮ ተፈትሿል እትዬ፣ እዚህ ቤት እንዴት ብዬ እቀመጣለሁ አለቻት።

ዚፑን ዘጋችና ወደ እኔ መጣች። እኔ የስድብ መዓት ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። አክስቴ ተዋርዳለች፤ ስልክ ተደውሎ ለሌባ ተያዥ ሆንሽ ተብላለች፤ እኔ ብነግራት አታምነኝም፣ እርስዎ ራስዎ ሄደው ይንገሩልኝ አለችኝ። እሺ አልኩ። አዲስ ባትሪ ገጠምኩ፣ መጀመሪያ ለክቼ። ፖርቱን ከፈትኩ፣ ማሽኑን ነቅዬ አሥር ደቂቃ አቆይቼ መልሼ ሰካሁት። ቀኑም ልክ ነው፣ ፖርቱም አለ፣ ዩፒኤሱም ታየ። ለድርጅቱ የሚላከውን ማብራሪያም እዚያው በስሜ ጻፍኩላት። ጥፋቱ የገጣሚዋ ቴክኒሻን ነው፣ ሠራተኛዋ ምንም አልነካችም ብዬ ፈረምኩ።

ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ አብረን ተሳፈርን። ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። እኔ በአንድ እጄ ቴስተሩን፣ በሌላው በሶፍት የጠቀለልኳትን ባትሪ ይዣለሁ። መንገዱ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ምን ልበላት? ረዳቱ ሂሳብ ሲል ለሁለታችንም ልከፍል እጄን ስሰድ ቀደመችኝ፤ የራሷን ብቻ ከፈለች።

አክስቷ ወይዘሮ ሸምሲያ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ጠባብ ሱቅ አላቸው። በርበሬ፣ ቅመም፣ ሽሮ እየመዘኑ ይሸጣሉ። ስልሳ ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ዘይነባን ሻንጣዋን ይዛ ሲያዩ አልተነሱም። በዓይናቸው ወደ ጓዳ ጠቆሟትና እኔን በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። በርጩማው ልክ እንደ ጋሽ ፈቃዱ በርጩማ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሥራ የጀመርኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

ከምን ልጀምር? ሴሪያል ፖርት፣ ሴትአፕ፣ ፋየርዎል ብል ማን ይሰማኛል። ባትሪዋን ሚዛናቸው አጠገብ አስቀመጥኩና ይሄ ቴስተር የኔ ሚዛን ነው አልኳቸው። ባትሪ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በዚህ መመዘን ነበረበት። እኔ ሳልመዝን አስገባሁት። እሱ ሲሞት ማሽኑ ተበላሸ። ማሽኑ ሲበላሽ እኔ የዚህችን ልጅ እጅ ጠረጠርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም።

አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። አንዲት ደንበኛ በርበሬ ልትገዛ ብትመጣ በእጃቸው ቆዪ አሏት። ቴስተሩን ባትሪዋ ላይ አስነክቼ ቁጥሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ሳትመዝኚ ሸጥሽ» አሉኝ።

አዎ አልኩ።

ወደ ጓዳው አዩ፤ ዘይነባ መጋረጃው አጠገብ ቆማ ትሰማለች። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ለእሷ ተያዥ እኔ ነኝ። ስሟ ሲጠፋ ተጠራሁ፤ ስልኩን ይዤ የምገባበት ጠፋኝ። ለአንቺስ ተያዥሽ ማነው? ማን ዘንድ ይደወላል?»

እኔ የሰው ቤት ስገባ ሻንጣዬን ማንም አይፈትሽም፤ ባለሙያ ናት ተብዬ ነው የምገባው። በአንዲት ቃሌ ሰው ከቤት ይወጣል። ለዚያ ቃል የፈረመልኝ የለም። ይህን እስከዚያች ደቂቃ አስቤው አላውቅም ነበር። እምባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም።

ወይዘሮ ሸምሲያ ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። ለቆየችው ደንበኛ በርበሬዋን መዘኑላት። ስወጣ ባትሪዋን ልተውላቸው ፈለግኩ። አይ፣ የራስሽን ያዢ አሉኝ።

ነጻነት ሥራዋ ተረፈላት፤ ድርጅቱ ማብራሪያውን ተቀበለ። በዚያው ሳምንት እሑድ ራሷ ጀሞ ሄዳ ወይዘሮ ሸምሲያን ይቅርታ ጠይቃለች፤ እሷም በዚያችው በርጩማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ዘይነባ ግን አልተመለሰችም። ትምህርቷን ጨርሳ አሁን ጀሞ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። አንድ ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ተቀበለችኝ፣ ሰላም አለችኝ፣ ውኃ ግን አላመጣችልኝም። ትክክል ናት።

ጣሳውን ጣልኩት። አሁን ሱቄ ውስጥ የሚገጠም ባትሪ አዲስ ነው፣ እሱም ተለክቶ፣ የተለካው ቁጥር ደረሰኙ ላይ ተጽፎ። ቀይ ነጥብ ያለባትን ባትሪ ቴስተሩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ። ደንበኛ ሰው ነካብኝ ብሎ ሲመጣ ወደ አፌ የሚመጣውን ነገር ከመናገሬ በፊት ቴስተሩን አነሳለሁ፤ ጣቴ እሷን ይነካታል።

መብራት፣ ባትሪ፣ ገመድ፣ ሴትአፕ። ሰው መጨረሻ ነው፤ ከሰውም መጀመሪያ የሚጠየቀው የገጠመው ነው።